ምክር ቤቱ ሰርግ ሄደ

በጥቁር ድንጋይ ቀበሌ የተናደዱበትን ሰው መስደብ ነውር ነው፤ ደጁ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ ግን ነውር አይደለም። ወፍጮው ተሰብሮ ሳለ ተዘልሎ የተኛ ባለወፍጮ ጠዋት ሲነሳ በሩ ላይ ባዶ ቁና ያገኛል። ከብቶቹን በሰው ማሳ የሚለቅ ሰው የተቆረጠ አጥር ያገኛል። ማን እንዳስቀመጠው አይጠየቅም፤ ዕቃውም አይነካም። ጥፋቱ ሲታረም ያስቀመጠው ሰው ራሱ መጥቶ ያነሳዋል፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል።

በጥር ወር መጨረሻ ከድጃ ደጅ ላይ ሰባት ባዶ ጀሪካን ተደርድሮ ነበር፤ የመጀመሪያው የተቀመጠው በመስከረም ነው።

ከድጃ የሽንኩርት ነጋዴ ናት። ሐምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከመርሳ መስኖ ሽንኩርት እያነሳች በራሷ አይሱዙ ወልድያ ታራግፋለች። በምርጫው ጊዜ የቀበሌዋ ሰው «አንቺ ሚዛን የማትሰርቂ ሴት ነሽ፤ ሂጂና ለእኛም መዝኝልን» ብሎ ለሾላ በር ወረዳ ምክር ቤት መረጣት። እሷም «ውሃ ሳላመጣ ብቀር ጥሩኝና አውርዱኝ!» አለች። ይህን ያለችው በድምፅ ማጉያ ስለነበር አልሰማሁም የሚል ሰው አልተገኘም።

ሾላ በር ከመርሳ ወደ ውርጌሳ ሲኬድ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ ያለች ከተማ ናት። ወረዳው ከሀብሩ ተቆርሶ የወጣ፣ ገና ጥርስ ያላበቀለ ወረዳ ነው። አዳራሽ እንኳ ስለሌለው ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ከገበሬዎች ማኅበር በተዋሰው የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። አባላቱ ስልሳ አንድ ናቸው። ከመካከላቸው አፈ ጉባኤና ምክትል መርጠዋል፤ የቀረውን ሥራ ደግሞ ለሦስት ቋሚ ኮሚቴዎች አከፋፍለዋል፤ አንዱ በጀት ያያል፣ አንዱ ሕግና አስተዳደር፣ አንዱ ልማት። የልማቱ ሰብሳቢ ከድጃ ናት።

በወረቀት ላይ ሥልጣናቸው ያስፈራል። ዋና አስተዳዳሪውን ከመካከላቸው የሚሾሙት እነሱ፣ ዕቅድና በጀት የሚያጸድቁት እነሱ፣ የየጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ አስቁመው «የሰጠንህን ምን አደረግኸው?» የሚሉት እነሱ ናቸው። ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ምክር ቤት ያጸደቀው ድጎማ ወደ ወረዳው ሲወርድ ይህ ለጤና፣ ይህ ለመንገድ ብለው የሚደለድሉትም እነሱ ናቸው።

ለእነሱ የሚደለድልላቸው ግን ሌላ ነው። የምክር ቤቱን በጀት አርቅቆ የሚያመጣው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የሚታዘዘው ደግሞ ለአስተዳዳሪው ነው። በዚህ ዓመት ለምክር ቤቱ የደረሰው የአንዲት ባለሙያ ደመወዝ፣ አምስት ደስጣ ወረቀት፣ ማኅተምና የጉባኤ ቀን ዳቦ ነበር። ነዳጅ የለም፤ መኪናማ አይነሳ። ኮሚቴው አንድን ጽሕፈት ቤት ልቆጣጠር ሲል የሚሄደው በዚያው ጽሕፈት ቤት መኪና፣ በዚያው ጽሕፈት ቤት ሾፌር ነው። ከድጃ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ቀን «ሌባን በበቅሎው ተከተለው እንደማለት ነው» ብላ ስቃ ነበር። አሁን አትስቅም።

ያቺ አንዲት ባለሙያ ሀስና ትባላለች። ወልድያ ተወልዳ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ የመጣች፣ ስታወራ አንቀጽ የምትጠራ፣ ስትራመድ የምትሮጥ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ጉባኤው አምስት ቀን ሲቀረው የስድስት ወሩን ሪፖርት ይዛ ከድጃን ገበያ ድረስ ፈልጋ መጣች።

«እትዬ ከድጃ፣ ገጽ አርባ አንድን ይዩልኝ።»

ከድጃ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለቻት። የጥቁር ድንጋይ የመጠጥ ውሃ፣ ይላል፤ አፈጻጸም መቶ በመቶ፤ ስድስት ቦኖ፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ተጠቃሚ።

«መቶ በመቶ!» አለች ከድጃ። «ላም አለኝ በሰማይ! ውሃው የፈሰሰው የምረቃው ለት ብቻ ነው። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ውሃውም አብሮ ተቆረጠ።»

«ሐሙስ ምክር ቤቱ ይህን ካጸደቀ ለተቋራጩ የመጨረሻው ክፍያ ይለቀቃል።»

«ከዚያ በኋላ ሰውየውን በፋኖስ ብፈልገው አላገኘውም። ተነስቼ እናገራለኋ!»

«ብቻዎን ቢናገሩ የአንድ አባል አስተያየት ተብሎ ይመዘገብና ያልፋል። ኮሚቴው በመስክ አይቶ ከአምስቱ ሦስቱ ከፈረሙበት ግን የምክር ቤቱ ግኝት ይሆናል። ደግሞ ከሪፖርቱ ሥር ያለችውን ፎቶ አይተዋታል?»

ከድጃ አየችው። ፎቶው ላይ አምስቱ የኮሚቴ አባላት በአንድ ቢጫ ጄነሬተር ፊት ተደርድረው ይስቃሉ። መካከል ላይ ያለችው፣ ከሁሉም አብልጣ የምትስቀው፣ ራሷ ናት። ሥሩ «ቋሚ ኮሚቴው በመስክ ምልከታ» ይላል።

«ይኼ እኮ ዋንዛ ሥር ነው!» አለች።

እውነቷን ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ወደ ጥቁር ድንጋይ ለመሄድ በውሃ ጽሕፈት ቤቱ ፒካፕ ተሳፍረው ሳለ ሾፌሩ «ድልድዩ ተሰብሯል» አለ። ከድጃ «ዛሬ ጠዋት በእግሬ ተሻግሬው መጣሁ እኮ» ብትለው፣ «በእግር ሌላ፣ በመኪና ሌላ» ብሎ መሪውን ወደ ዋንዛ ሥር ቀበሌ አዞረው። እዚያ ውሃው እንደ ጉድ ይፈሳል። የቀበሌው ተወካይ ረዲ ፍየል አሳርዶ ጠበቃቸው። ተበላ፣ ተሳቀ፣ ሀስና በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ ፎቶውም ከቃለ ጉባኤው ጋር ለመዝገብ ቤት ተሰጠ። ከመዝገብ ቤት ገጽ አርባ አንድ ላይ እንዴት እንደደረሰ መቼም መዝገብ ቤት ያውቃል።

«እኔም በልቻለሁ» አለች ከድጃ በቁጭት። «ደግሞ ስብ ነበር፤ ሐቁ ይነገር።» ከዚያ ድንገት ቀና አለች። «ቆይ፣ ሐሙስ አልሽ? ጥር ሃያ ስምንት?»

«አዎ። ደንቡ ከጥር ሠላሳ በፊት ይላል። ደብዳቤው ማኅተም ተመትቶበት ወጥቷል።»

«አንቺ ልጅ! ሐሙስ የሐጂ አብዱልጀሊል ልጅ ሰርግ አይደለም ወይ?»

ሀስና ትከሻዋን ነቀነቀች። የወልድያ ልጅ ናት፤ አልፈርድባትም አለች ከድጃ በልቧ። ሐጂ አብዱልጀሊል ጥቁር ድንጋይ የሚኖሩ የቅሬ፣ የዕድር ማለት ነው፣ ዳኛ ናቸው። ቅሬው እስላም ክርስቲያን ሳይል ሦስት ቀበሌ ያቀፈ ነው፤ ያለ እሱ ሬሳ አይነሳ፣ ዳስ አይጣል። ዘንድሮ ደግሞ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተያይዘው የካቲት ላይ ስለሚገቡ ልጅ የሚድር ሁሉ ጥርን እየተጋፋባት ነው። የቅሬ ዳኛ ልጅ ሲድሩ ቀርቶ «ስብሰባ ነበረብኝ» የሚል ሰው ነገ የራሱን ዳስ ብቻውን ይጥላታል።

«ምልዓተ ጉባኤ አይሞላልሽም» አለች ከድጃ።

«ሕግ ነው እኮ እትዬ!»

«ሕግ ልጅ አይድርም፣ የኔ እናት።»

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጋዘኑ ውስጥ ሃያ ሰባት ሰው ተገኘ። ለመሙላት ሠላሳ አንድ ያስፈልጋል። አፈ ጉባኤው አቶ ደሞዜ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ስም እንደ ክፍል ኃላፊ ሁለት ጊዜ ጠሩ፤ ያው ሃያ ሰባት። የቀሩትን እንዲጠራ ጥበቃውን በባጃጅ ወደ ሰርጉ ላኩት። አንድ ሰዓት አልፎም አልተመለሰም። ሲደወልለት ከበሮና እልልታ ተሰማ፤ «መጣሁ፣ እጄን ልታጠብ!» አለና ስልኩ ተዘጋ።

ዋና አስተዳዳሪው አቶ ሙላቱ ጥራዛቸውን አቅፈው ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። መልካም ሰው ናቸው፤ ብቻ ጥያቄ አይወዱም።

«እንግዲህ ካልሞላ አልሞላም» አሉ፣ ፊታቸው ፈካ ብሎ። «አስቸኳይ ክፍያዎችን ካቢኔው ይወስንባቸውና እናንተ በሚያዝያው ጉባኤ ታጸድቁታላችሁ። ማንንም አንውቀስ፤ ሰርግ ነው።»

ሚያዝያ። ከድጃ እስከ ሚያዝያ ተቋራጩ ገንዘቡን ይዞ የት እንደሚደርስ፣ ደጇም ላይ ስንት ጀሪካን እንደሚደርስ ቆጠረችው። ተነሳች።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ። የቀሩት ሠላሳ አራት አባላት የት እንዳሉ እናውቃለን። የደበቀን የለም።»

«እናውቃለን» አሉ አቶ ደሞዜ።

«ጉባኤው ዘንድ ካልመጡ ጉባኤው እነሱ ዘንድ ቢሄድ ምን ይለዋል?»

ሳቅ ሆነ። ሀስና ግን አልሳቀችም። ደንቡን ከቦርሳዋ አውጥታ ገጽ በገጽ ላይ ስታገላብጥ ቆየችና በተቀመጠችበት ጮኸች። «አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ! ‹ጉባኤው አፈ ጉባኤው በወረዳው ወሰን ውስጥ በሚመርጠው ስፍራ ይካሄዳል።› መጋዘን አይልም!»

አቶ ደሞዜ መነጽራቸውን አውልቀው አሰቡ። ሲያስቡ ሦስት ነገር እንደታያቸው ከድጃ ከፊታቸው አነበበች። አንደኛ፣ አንቀጹ ልክ ነው። ሁለተኛ፣ እሳቸውም ተጠርተዋል። ሦስተኛ፣ ሐጂ ለክርስቲያን እንግዶቻቸው ለብቻ በግ አሳርደዋል፤ የነነዌ ጾም ደግሞ የተፈታው ገና ትናንት ነው።

መዶሻቸውን ጠረጴዛው ላይ መቱ። «ጉባኤው ጥቁር ድንጋይ ይቀጥላል።»

«ኧረ ድልድዩ!» አሉ አቶ ሙላቱ። «ድልድዩ ተሰብሯል አላላችሁም?»

ሰው ሁሉ ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ወደ ኢንጂነር ሳሙኤል ዞረ። ሳሙኤል ወደ ሾፌሩ ዞረ። ሾፌሩ ወደ መሬት ዞረ።

«በመኪና ካልሆነ በእግር እናቋርጠዋለን» አለች ከድጃ፤ «በእግር ሌላ፣ በመኪና ሌላ አይደል?»

የወረዳው ምክር ቤት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ መኪና አገኘ፤ የከድጃን አይሱዙ። አባላቱ በባዶ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተሰካክተው ወጡ። አቶ ደሞዜ «ክብሬን» ብለው ጋቢና ገቡ። አቶ ሙላቱና ሳሙኤል በፒካፑ ተከተሉ። ድልድዩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጠበቃቸው። ሁለት መኪና ተሻግሮበት እንኳ ጠጠር አልወደቀም። ፒካፑ ውስጥ የተባለውን ባንሰማም፣ ሾፌሩ ሲወርድ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ዳሱ በር ላይ ሐጂ አብዱልጀሊል አይሱዙውን አይተው አፋቸውን ያዙ።

«አሰላሙ አለይኩም! ምነው ከድጃ፣ ሽንኩርቱን በሰው ለወጥሽው?»

«ወአለይኩም ሰላም ሐጂ! ምክር ቤቱን ከነአጀንዳው አመጣሁልዎ። ዳስዎን ለአንድ ሰዓት ያውሱን።»

«አንድ ሰዓት? ሙሽራው ከሲሪንቃ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት አለኝ፤ እነሆ!» አሉ ሐጂ እየሳቁ። «ብቻ እኔ ቤት ያልበላ አይናገርም፤ የቅሬው ደንብ ነው።»

ስለዚህ መጀመሪያ ተበላ። የቀትሩ ዙሁር ሲደርስ ሶላት የሚሰግደው ሁሉ ለውዱእ ሊታጠብ ተነሳ። ውሃው ከወንዝ በአህያ የመጣ ነው፤ ጀሪካኑ ከዳሱ ጀርባ እንደ ግንብ ተቆልሏል። ሐጂ ማንቆርቆሪያውን አንስተው ወደ ሳሙኤል ሲያዩ ጺማቸው ሥር አንዳች ነገር ፈገግ አለ።

«ኢንጂነር፣ ልጄ፣ አንተ ባለህበት በወንዝ ውሃ ስንታጠብ ደስ አይልም። ቦኖው ይኸው እዚህ ነው። ያስመረቅኸው አንተ፤ ክፈትልን እስቲ።»

ሳሙኤል እጅጌውን ሰብስቦ ሄደ። ሠላሳ ሰው ከኋላው ተሰለፈ። ቧንቧውን አዞረው፤ ቧንቧው የአዛውንት ሳል ሳለ፤ ደገመው፤ በሦስተኛው አንዲት እንሽላሊት ተተፍታ ወጥታ በሳሙኤል ጫማ ላይ ሮጠች።

«መቶ በመቶ!» አለ አንድ ሰው ከሰልፉ። ሳቁ ዳሱን ነቀነቀው።

ሳሙኤል ደም መሰለ፤ ግን አልሸሸም። «በምረቃው ሲፈስ በዓይኔ አይቻለሁ። ፓምፑ ቤት እንሂድ» አለ። ሄዱ። ቁልፉ ተቋራጩ ጋ ነው። በመስኮቱ ሲያዩ የሲሚንቶ መደብ አለ፤ አራት ብሎን አለ፤ የዘይት ጠብታ አለ፤ ጄነሬተር የለም።

ሳሙኤል ለተቋራጩ ደውሎ ሁሉም እንዲሰማው ስልኩን ላውድ ስፒከር ላይ አደረገው።

«ጥገና ላይ ነው፣ ኢንጂነር!» አለ ድምፁ፣ ሳይደናቀፍ። «ወልድያ ጋራዥ አስገብቼዋለሁ። ሰኞ ይመለሳል። ክፍያችንን ብቻ እንዳታዘገዩብን።»

ከሶላት በኋላ ጉባኤው ዳሱ ውስጥ ተከፈተ። ሀስና ቆጠረች፤ ሐምሳ ስምንት። ምክር ቤቱ ከተመሠረተ ይህን ያህል ሰው ሞልቶ አያውቅም። አቶ ደሞዜ መዶሻቸውን ስለረሱ በምግብ ማውጫ ጭልፋ ጠረጴዛ መቱ። አቶ ሙላቱ ሪፖርቱን አቀረቡ፤ ገጽ አርባ አንድ ሲደርሱ «በአሁኑ ሰዓት ጥገና ላይ ያለ» የምትል ቃል ጨመሩበት።

ከድጃ የምታውቀውን ተናገረች። ሰው ሰማት። ግን ሰው ጠግቧል፣ ቀኑ የደስታ ነው፣ ሰኞም ቅርብ ነው። «ጥገና ከሆነማ ምን ይደረጋል» ማለት ከዚህም ከዚያም ተሰማ። አንዱ «ሰኞ ካልመጣ ያን ጊዜ እንጠይቃለን» አለ። አቶ ደሞዜም «እንግዲህ ተጨማሪ ሐሳብ ከሌለ» ብለው ጭልፋውን አነሱ። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል፤ ዳኛው ተገኝቶ፣ ከድጃም ተናግራ፣ ነገሩ እጇ ላይ ሊሞትባት ነው።

በዚያች ቅጽበት ሙሽራዋ ነኢማ ከሴቶቹ በኩል መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ብቅ አለች። ዳሳቸው ውስጥ የሚጮኸው ሁሉ ምን እንደሆነ ማየት ፈልጋ ነው። መጋረጃውን የያዘችበት እጇ እስከ ክንዷ በሂና አጊጧል፤ ትንሿ ጣቷ ከመሐሏ ወዲያ የለችም፤ በልጅነቷ ማሽላ ስታጭድ ማጭድ ወስዶባታል።

ከድጃ እጁን አየችው። አራት ጣትና ግማሽ።

ያ እጅ ከሌላ ቦታ ትዝ አላት። የምረቃው ለት ነው። ጄነሬተሩ አዲስ እንዲመስል ጠዋት ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ሳይደርቅ እንግዳ ደረሰ። ነኢማ ለእንግዶቹ ቆሎ ስታዞር ተደናቅፋ በመዳፏ ተደገፈችው። ቀሚሷ ተበላሸ፤ እናቷ ሰው ፊት ጮኸችባት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ቀን፣ ዋንዛ ሥር፣ ከድጃ ራሷ ሥጋ በአፏ ሞልቶ ፎቶ ልትነሳ ስትቆም፣ ከጎኗ ቢጫው ላይ አንዳች ነገር…

«ሀስና!» አለች። «ያቺን ፎቶ ከስልክሽ አውጫት! አሳድጊያት!»

ሀስና በጣቶቿ ዘረጋጋችው። በአምስቱ ሳቂታ የኮሚቴ አባላት ጀርባ፣ በቢጫው ጄነሬተር ጎን ላይ፣ የእጅ መዳፍ ታትሟል። አራት ጣትና ግማሽ።

«ነኢማ፣ ነይ እዚህ!»

«እቴቴ፣ ሙሽራ እኮ ነኝ!»

«ዛሬ ምስክርም ነሽ፤ ነይ!»

ሙሽራዋ መጋረጃውን አልፋ መጣችና እጇን ከስልኩ አጠገብ ዘረጋች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አቶ ደሞዜ መነጽራቸውን አጥርተው እጁንም ፎቶውንም ተራ በተራ እንደ ፈተና ወረቀት አረሙ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት እልል አለች፤ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ፈነዳ።

የዋንዛ ሥሩ ረዲ ብድግ አለ። «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ይኼ እኮ የእኛ ጄነሬተር ነው!»

«የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ረዲ» አለች ከድጃ። «ጄነሬተሩ የእኛ ነው። የእናንተ ፍየሏ ብቻ ነበረች።»

«ኧረ እኛም ተመርቆልናል! ወላሂ ሪባን ቆርጠናል!»

«በአንድ ጄነሬተር ሁለት ቀበሌ አስመርቆ ከሁለቱም ሊከፈለው ነው!» አለች ሀስና። የምክር ቤቱ ባለሙያ በጉባኤ እንደማይናገር የደነገገውን አንቀጽ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ግን አመለጣት።

ሳሙኤል ተነሳ። «ጥፋቱ የኔም ነው» አለ። «ከምረቃው በኋላ ተመልሼ ሳላይ ነው የፈረምኩት። ዛሬ ባልመጣ ሰኞም እፈርም ነበር።» ከዚያ ስልኩን አውጥቶ እንደገና ደወለና ለአቶ ደሞዜ አቀበላቸው።

«ሄሎ» አሉ አቶ ደሞዜ፣ በመምህርነት ድምፃቸው። «የወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነኝ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ያ ጋራዥ ዋንዛ ሥር ነው እንዴ ያለው?»

ስልኩ «ሄሎ? ኔትወርክ የለም» አለና ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ የሆነው በግማሽ ሰዓት አለቀ። የገጽ አርባ አንዱ ሪፖርት ውድቅ ተደረገ። በሁለቱም ቀበሌ መደብ ላይ ሁለት ጄነሬተር ተተክሎ ልማት ኮሚቴው በዓይኑ ሳያይ ለተቋራጩ አንዲት ሳንቲም እንዳይለቀቅ ተወሰነ። ረዲ «ቅድሚያ ለእኛ» ብሎ ሊከራከር ሲል ከበስተኋላ አንድ ሰው «ፍየሏን ድገምና እናስብበታለን» አለው፤ ተቀመጠ። ከዚያ ከድጃ እጇን አወጣች።

«አንድ የቀረ አለ። ዛሬ ምክር ቤቱ እዚህ የደረሰው በሽንኩርት መኪና ነው። ነገ ሽንኩርቴ ሞልቶበት ቢሆንስ? ኮሚቴው የሚጠይቀውን ሰው መኪና እየተሳፈረ የሚጠይቀው ጥያቄ እንዴት እንደሚሆን አይተናል፤ ፍየል ፍየል ይላል። ከተጨማሪ በጀቱ ላይ ለኮሚቴዎቹ የራሳቸው የነዳጅ መደብ ይያዝልን።»

«ከየት ይምጣ?» አሉ አቶ ሙላቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ድጎማው ተደልድሎ አልቋል!»

ሀስና አንድ ገጽ ገልጣ ከአቶ ደሞዜ ፊት አስቀመጠች። አቶ ደሞዜ አነበቡት። «የአስተዳደር ጽሕፈት ቤት የመስተንግዶ ወጪ» አሉ። «ኧረ እሱ እንኳ ደልደል ያለ ነው። ደግሞ መስተንግዶ እንዴት ያለ እንደሆነ ሐጂ ዛሬ በነፃ አሳይተውናል። ድምፅ እንስጥ። የምትደግፉ?»

እጆች ወጡ። አንዳንዱ እጅ ዳቦ እንደያዘ ወጣ። ሀስና መቁጠር ጀመረች፤ ሐምሳ ሦስት ላይ ስትደርስ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተጋጋለ።

«የምትቃወሙ?» አሉ አቶ ደሞዜ በፍጥነት።

አቶ ሙላቱ ዙሪያቸውን አዩ። «ሰርግ ላይ አልቃወምም» አሉ፤ ራሳቸውም ሳቁ። «ድምፀ ተአቅቦ ብላችሁ ጻፉልኝ።»

«ጻፊ፣ ጻፊ ቶሎ!» አሉ ሐጂ አብዱልጀሊል፣ ከዳሱ በር። «ሙሽራው ደርሷል! ነኢማ፣ ወደ ውስጥ! ማነው ልጄን አደባባይ ያቆመብኝ?»

ሀስና ቃለ ጉባኤውን በሰርግ ዘፈን መሃል ጻፈችው። ስፍራ በሚለው ላይ ትንሽ አመነታችና «ጥቁር ድንጋይ፣ ዳስ» ብላ ሞላችው።

ረመዳን በገባ በአራተኛው ቀን፣ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ጄነሬተሩ ከነመዳፉ ጥቁር ድንጋይ ተመልሶ ተንደቀደቀ። ለዋንዛ ሥር ሌላ፣ የእጅ ምልክት የሌለበት አዲስ ተገዝቷል። ልማት ኮሚቴው በራሱ ነዳጅ ሄዶ ሁለቱንም አየ፤ ከአምስቱ አምስቱም ፈረሙ። ጾም ስለነበር ፍየል ያቀረበላቸው የለም።

ጀሪካኖቹ መነሳት የጀመሩት በዚያው ቀን ነው። ከድጃ እንደ ደንቡ ወደ ደጇ ሳታይ ጓዳ ገብታ ቆየች። በማግሥቱ ብቅ ስትል ሦስት ቀርቷል፤ በሦስተኛው ቀን አንድ። አንዱ ግን አልተነሳም። አራት ቀን፣ አምስት ቀን። ከድጃ ቅር አላት። ይህ የማን ልብ ነው እንዲህ የጠጠረ? ውሃው እኮ እየፈሰሰ ነው!

በስድስተኛው ቀን ከመርሳ በጊዜ ተመለሰች። አይሱዙውን ከማቆሟ ባሏ ይመር ጎንበስ ብሎ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ያችን የመጨረሻ ጀሪካን ከደጇ ሲያነሳ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«አንተ!» አለች ከድጃ። «ከመስከረም ጀምሮ?»

«የመጀመሪያዋ የኔ ነበረች» አለ ይመር፣ ጀሪካኑን እንደታቀፈ። «ምን ላድርግ? ምክር ቤት ስትሄጂ ከወንዝ የምቀዳው እኔ ነኝ። ወገቤን ስላመመኝ ነው።»

«ቤት ውስጥ አትነግረኝም ነበር?»

«ቤት ውስጥማ ነገርኩሽ። ‹የአንድ ነዋሪ አስተያየት ነው› አልሽኝ።»

ከድጃ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ቀደማት። በሩን ከፈተችለት፤ ከዚያ አሰበችበትና መልሳ ዘጋችው።

«ባዶውን ይዘህ ወዴት ትገባለህ?» አለችው። «ቦኖው እዚያ ነው። ሞልተህ ና።»